ታች ላሉት ምን ደረሳቸው? የአንጀት ባክቴሪያዎችን የመመገቢያ ዝርዝር መመሪያ

ስለ አንጀት ባክቴሪያ ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ላይ ላውል ብዬ ጉድ ሆኜ አውቃለሁ። ጠዋት አንድ ትልቅ ሳህን አጃ፣ ምሳ ላይ ቦሎቄ፣ ማታ ምስር። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። የቀረውን ለእናንተ ግምት ልተወው። ጥፋቱ የቦሎቄው አልነበረም፤ የኔ ችኮላ ነበር። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ስታነቡ "ቀስ በሉ" የሚለው ቃል ቢደጋገምባችሁ ምክንያቱ ያ ስብሰባ ነው።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን ለማን እንደምንለፋ እንወቅ።

ታች ያሉት እነማን ናቸው?

አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ ፈንገሶችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን በጥቅሉ ማይክሮባዮም ይባላሉ። "ከሰውነታችን ሴሎች በ10 እጥፍ ይበልጣሉ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለዓመታት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ግምት ነው። በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው እንደገና አሰሉት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎችና ወደ 30 ትሪሊዮን የራሱ ሴሎች አሉት አሉ። ተቀራራቢ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሚዛን ላይ ቢወጡ 200 ግራም ያህል ቢሆኑ ነው።

አብዛኞቹ የሚኖሩት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ጨጓራ በአሲዱ ይፈጃቸዋል። ትንሹ አንጀት ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚገፋ አይመቻቸውም። ይህ የአድራሻ ጉዳይ ብዙ ነገር ይወስናል። የምንበላው ስኳር፣ የነጭ ዱቄት ስታርች፣ ስብና አብዛኛው ፕሮቲን ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ ያልቃል። ትልቁ አንጀት ጋ የሚደርሰው የኛ ኢንዛይሞች መፍጨት ያቃታቸው ትራፊ ነው። ከዚያ ትራፊ ውስጥ ዋናው ፋይበር ነው፣ አሰር የሚባለው። ስለዚህ ኬክ በልታችሁ እናንተ ልትጠግቡ ትችላላችሁ። እነሱ ግን ጾማቸውን ያድራሉ።

እኔ ማዕድ ላይ ስቀመጥ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ "ከዚህ ውስጥ ታች የሚደርሰው የቱ ነው?"

ሲጠግቡስ ምን ያደርጉልናል?

ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲያብላሉት አጫጭር የስብ አሲዶች ይፈጠራሉ። ዋናዎቹ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ናቸው። ከሦስቱ ስሙን ያዙልኝ የምለው ቡቲሬትን ነው። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች 70 በመቶ ያህል ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከሱ ነው። ሌላው የሰውነታችን ክፍል ቀለቡን ከደም ሲጠብቅ ይሄ ግድግዳ ግን ዓይኑን የሚጥለው ባክቴሪያዎቹ ላይ ነው።

ግድግዳው በዝልግልግ ሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ ባክቴሪያዎቹ ከሴሎቹ ጋር በቀጥታ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ፋይበር ሲጠፋ ታዲያ አንዳንዶቹ ይህንኑ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በአይጦች ላይ አሳይቷል። ፋይበር የተነፈጉት አይጦች ሽፋናቸው ሳሳ፣ አንጀት ለሚያጠቃ ጀርምም ተጋለጡ። አይጥ ሰው አይደለም። ቢሆንም የራበው ጎረቤት አጥራችሁን መንቀል እንደሚጀምር ለመገመት ብዙ አይከብድም።

ሌላም ሥራ አላቸው። ቫይታሚን ኬንና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖችን ይሠራሉ። ቦታውንና ምግቡን ቀድመው ስለሚይዙ በሽታ አምጪዎች መግቢያ ያጣሉ። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን በብዛት የሰፈሩትም አንጀት አካባቢ ነው። ከማን ጋር እንደሚዋጉና ማንን በዝምታ እንደሚያልፉ የሚማሩት ከነዚህ ባክቴሪያዎች ጋር አብረው በመኖር ነው።

የአእምሮው ነገር ብዙ ይወራበታል። አማርኛ ስሜትን ከጥንት ጀምሮ ሆድ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ሆዱ ባሰው፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን። ግንኙነቱ በእርግጥ አለ። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጀት ወደ አንጎል ወሬ ሲያመላልስ ይውላል። ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገርም 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጠቅሶ የሚዘላት ነገር ግን አለች። ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው ወንፊት ያስቀረዋል። አንጀት ውስጥ ዋና ሥራው የአንጀትን እንቅስቃሴ መምራት ነው። ስለዚህ "ይህን ብሉ፣ ድባቴ ይለቃችኋል" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ጻፉ፣ ምንም አትቀይሩ

ደብተር ወይም የስልካችሁን ማስታወሻ አውጡ። ለሰባት ቀን የምትበሉትን ሁሉ መዝግቡ። በየቀኑ ስንት ዓይነት ተክል እንደበላችሁ ቁጠሩ። ሆዳችሁ የተነፋባቸውን ሰዓቶችም አስፍሩ።

ሰገራችሁንም እዩ። አዎ፣ እዩ። በ1997 የወጣ የብሪስቶል መለኪያ የሚባል ሰባት ደረጃ ያለው ሠንጠረዥ አለ፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። 1 ቁጥር እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅና የተበታተነ ነው። 7 ቁጥር ውሃ ነው። 3 (ረዘም ያለ፣ ላዩ የተሰነጣጠቀ) እና 4 (ረዘም ያለ፣ ለስላሳ) ከሆናችሁ ሰላም ናችሁ። ቁጥሩን ከቀኑ ጎን ጻፉ። በቀን ከሦስት ጊዜ እስከ በሳምንት ሦስት ጊዜ ድረስ መጸዳዳት ለጤነኛ ሰው የተለመደ ነው። "በየቀኑ ካልወጣሁ ታምሜያለሁ" ብላችሁ አትጨነቁ።

ይህን ሳምንት መዝለል ያምራል። አትዝለሉት። መነሻውን የማያውቅ ሰው ለውጡ የመጣው ከምግቡ ይሁን ከአጋጣሚ መለየት አይችልም።

ደረጃ 2፦ ፋይበሩን በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሩ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ እንዲገኝ ይመክራል። ቁጥሩ ብቻውን ስሜት አይሰጥም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 15 ግራም ያህል ይዟል። መካከለኛ ፖም ከነልጣጩ 4 ግራም ይሆናል። 40 ግራም ደረቅ አጃ እንዲሁ 4 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም።

ከደብተራችሁ ላይ አሁን በቀን ስንት ግራም እንደምትበሉ በግምት አስሉ። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ግራም ብቻ ጨምሩ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቀቀለ ምስርና አንድ ፖም በቂ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛል። ጋዙ የመብላላቱ ውጤት ስለሆነ በራሱ መጥፎ ምልክት አይደለም። ሆዳችሁ ጸጥ እስኪል እዚያው ቆዩ፤ ጸጥ ሲል ሌላ 5 ግራም ጨምሩ። አንድ ወር ቢፈጅ ምን ችግር አለው? እኔ በሦስት ቀን ልጨርሰው ብዬ ያገኘሁትን አይታችኋል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ውሃ። ፋይበር ውሃ ይዞ ነው የሚያብጠው፤ ሳትጠጡ ፋይበር ብቻ ብትጨምሩ ድርቀቱ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ጥራጥሬን አሳድሮ መዘፍዘፍ። ጋዝ የሚያበዙት ስኳሮች በከፊል ውሃው ውስጥ ስለሚቀሩ መዘፍዘፊያውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ።

ለውጡ ምን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል ያሳየኝ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ነው። 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ። አሜሪካኖቹ በቀን 55 ግራም ያህል ፋይበር መብላት ጀመሩ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ስብና ሥጋ የበዛበት፣ ፋይበሩ 12 ግራም ያህል ብቻ የሆነ ምግብ ያዙ። በአሜሪካኖቹ አንጀት ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ በሌሎቹ ደግሞ በግማሽ ያህል ወረደ። ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዙት ምልክቶችም በዚያው አቅጣጫ ተገላበጡ። በሁለት ሳምንት! ደስ የሚለውም የሚያስደነግጠውም ይኸው ፍጥነት ነው።

አንጀታቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሰዎች ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥራጥሬ ሊያብስባቸው ይችላል። እናንተም ከነዚያ ከሆናችሁ ይህን ደረጃ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተመካከሩበት።

ደረጃ 3፦ ዓይነት ቁጠሩ

እያንዳንዱ የባክቴሪያ ዓይነት የየራሱ ምርጫ አለው። የአጃን ፋይበር የሚወደው የሽንኩርቱን ላይነካው ይችላል። በ2018 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ናሙና የመረመረ ፕሮጀክት በሳምንት ከ30 በላይ ዓይነት ተክል የሚበሉት 10 ወይም ከዚያ በታች ከሚበሉት ይልቅ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ያሉበት ማይክሮባዮም እንዳላቸው አገኘ። 30 የተባረከ ቁጥር አይደለም። ግን መቁጠር ያስቃል፣ ጨዋታም ይሆናል።

ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ እህል፣ ለውዝ፣ ፍሬና ቅመም ሁሉ ይቆጠራሉ። ቀላሉ ዘዴ አንድ ማሰሮ ነው። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ የዱባ ፍሬና ለውዝ ቀላቅላችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ጠዋት ከሱ አንድ ማንኪያ ስትነሰንሱ አምስት ዓይነት ቆጠራችሁ ማለት ነው። ተልባውን ፍጩት፤ ሙሉውን ከዋጣችሁት እንደገባ ይወጣል።

ሌላ ትንሽ ብልሃት። የተቀቀለ ድንችና ሩዝ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ጥቂቱ መልሶ ይጠጥርና ትንሹ አንጀት ላይ ሳይፈጭ ያልፋል። ታች ይደርሳል ማለት ነው። ሩዙን ግን ውጭ አታሳድሩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ካልገባ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይራባበትና በተቅማጥ ትከፍሉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ የቦካ ነገር ጨምሩ

በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጤነኛ አዋቂዎችን ለሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ፋይበር አበዛ፤ ሌላው እርጎና የቦካ አትክልት የመሰሉ ነገሮችን። የቦካ የበሉት የባክቴሪያ ዓይነታቸው ጨመረ፤ ከብግነት ጋር የሚያያዙ 19 ፕሮቲኖችም በደማቸው ውስጥ ቀነሱ። ፋይበር ባበዙት ላይ የዓይነት ጭማሪ በአማካይ አልታየም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሁለቱንም ማድረግን ነው፤ አንዱ ቀለብ ነው፣ ሌላው እንግዳ።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። ከቦካ በኋላ በሙቀት የታከመ ምግብ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ የለም። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልትም የቦካ አይደለም፤ ቃናው ብቻ ነው የሚመሳሰለው። እርጎ ከሆነ ስኳር ያልተጨመረበትን፣ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው የተጻፈበትን ምረጡ።

ቤት ውስጥ ለመጀመር ጥቅል ጎመን የሚያክል የለም። እንዲህ አድርጉ።

1 ኪሎ ጎመን በስሱ ክተፉ። አንድ ሙሉ ቅጠል ለብቻ አስቀሩ። 20 ግራም ጨው በሚዛን ለኩ፤ በማንኪያ አትገምቱ። የጎመኑን ክብደት 2 በመቶ መሆኑ ነው። ጨውና ጎመኑን ሰፊ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ እሹት። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ውስጥ ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል፣ ከሥሩ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ ጭብጥ አንሥታችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መካከል ካንጠባጠበ ደርሷል።

ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ በጡጫችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። የራሱ ውሃ ከላዩ መሸፈን አለበት። ከአፉ ሦስት አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ያስቀራችሁትን ቅጠል ከላይ አልብሱና ንጹሕ ትንሽ ብርጭቆ ጫኑበት። ክዳኑን አታጥብቁት፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ሥሩ ሳህን አድርጉ፣ መፍሰሱ አይቀርም። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ በሆነ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትናንሽ አረፋዎች ከጎን ሽቅብ ሲወጡ ታያላችሁ። ጨው ብዙዎቹን አበላሺ ባክቴሪያዎች ሲይዝ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ግን ይችሉታል። እነሱ ሲባዙ አሲዱ ይጨምራል፣ አሲዱ ደግሞ የቀሩትን ያባርራል። በየቀኑ በንጹሕ ማንኪያ ወደ ታች ጫን አድርጉት፤ ከውሃው በላይ የቀረ ጎመን ይሻግታል። በሰባተኛው ቀን ቅመሱ። ደስ የሚል መኮምጠጥ ካገኛችሁበት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ካልሆነ አንድ ሁለት ሳምንት ጨምሩለት። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ከታየ ገፋችሁ ጣሉት። ፀጉር ያወጣ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካያችሁ ግን ማሰሮውን ሙሉ ድፉት። እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

አጀማመሩ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። የደም ግፊት ያለባችሁ ጨዉን አስቡበት። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች በቤት የቦካ ነገር ከመብላታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት ስትወስዱ አስቡ

አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል። ያዘዘው ሐኪም ከሆነ እንደታዘዘው ውሰዱት። ለጉንፋን ግን አይሠራም፤ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቤት የተረፈ ክኒን መዋጥ፣ ለጎረቤት ማካፈል፣ "ለማንኛውም ይኑረኝ" ብሎ መግዛት የታችኞቹን ከጥፋተኛው ጋር አብሮ መፍጀት ነው። ከአንድ ዙር በኋላ ለማገገም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል።

ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌ የሚባለው ባክቴሪያ ሊስፋፋና ከባድ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በተደጋጋሚ ለሚመለስባቸው ሕሙማን የተገኘው መፍትሔ ለጆሮ ይከብዳል፤ የጤነኛ ሰው ሰገራ ተጣርቶ ይሰጣቸዋል። በ2013 የታተመ ሙከራ ከተለመደው አንቲባዮቲክ በብዙ የተሻለ መሆኑን አሳየ። አሜሪካ ውስጥም ከሰገራ የተዘጋጁ ምርቶች በ2022 እና በ2023 ፈቃድ አግኝተዋል። የሆስፒታል ሥራ ነው። ቤት ውስጥ እሞክራለሁ የሚል ካለ ዛሬውኑ ይተወው።

አንቲባዮቲክ ያልሆኑትም ይነኳቸዋል። በ2018 ከ1000 በላይ መድኃኒቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲፈተሹ ለሰው ሴሎች ከተሠሩት ሩብ ያህሉ ቢያንስ አንድ የአንጀት ባክቴሪያ እንዳያድግ አግደዋል። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎችም ማይክሮባዮሙን ይቀይራሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ። "አሁንም ያስፈልገኛል ወይ?" ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

ደረጃ 6፦ እግራችሁንና እንቅልፋችሁን

ይህችኛዋ አጭር ናት። በ2018 በወጣ ጥናት ቁጭ ብለው የሚውሉ ሰዎች ምግባቸውን ሳይቀይሩ ለስድስት ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ቡቲሬት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ጨመሩ፤ በተለይ ቀጫጮቹ ላይ ጎልቶ ታየ። ስፖርቱን ሲተዉ አብዛኛው ለውጥ ተመልሶ ጠፋ። ስለዚህ መቀጠል የምትችሉትን ነገር ምረጡ። እንቅልፍም እንዲሁ፤ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ።

ብር የማይገባው ቦታ

የፕሮባዮቲክ ክኒን፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያ የያዘ ክኒን፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ይገዛል። በ2020 የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ማስረጃውን ገምግሞ ለአብዛኞቹ የአንጀት ችግሮች በቂ ሆኖ አላገኘውም። የተቀበላቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት አንዱ ነው። ይባስ ብሎ በ2018 በወጣ ትንሽ ጥናት ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያዎች ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ዘገየባቸው። ሐኪም በስም ለይቶ ካዘዘላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ሰገራ በፖስታ ተቀብሎ "የማይክሮባዮም ውጤት" የሚልክ ምርመራም አለ። ባለቀለም ግራፍ ይደርሳችኋል። መጨረሻ ላይ የምታገኙት ምክር ከደረጃ 2 እስከ 4 ካለው ብዙም አይርቅም። "አንጀት ማጽጃ" የሚባለውን ሻይና ጭማቂ ደግሞ ተዉት። አንጀት የሚታጠብ ቧንቧ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው።

ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳትፈልጉት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ትኩሳት አብሮ ካለ፣ የደም ማነስ ከተነገራችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ 45 ካለፈ በኋላ የአንጀታችሁ ልማድ ድንገት ተለውጦ ሳምንታት ከቆየ፣ ጎመን ማሸቱን ተዉና ሐኪም ጋ ሂዱ። በቤተሰባችሁ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ካለ ከዚያም ቀድማችሁ።

ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ። ሐኪሙ "ከመቼ ጀምሮ? በቀን ስንቴ? ምን ይመስላል?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን ጣሪያ ጣሪያ እናያለን። እናንተ ገጹን ገልጣችሁ ቀኑንና ቁጥሩን ታነቡለታላችሁ።